ያልደረሳቸው ሦስት ቆርቆሮዎች

ባለፈው ሚያዝያ ሸማ ተራ ያለውን የአባቴን ሱቅ ለማስረከብ ዕቃ ስናወጣ ቆጡ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሞቼን ወገባቸውን አሟቸው ነበር፤ ዕቃ በሚወጣበት ቀን ሁልጊዜ ያማቸዋል። ጥግ ላይ፣ ከተቀደደ ጆንያ ሥር፣ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አገኘሁ። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «4» ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን በጥፍሬ ፈልቅቄ ስከፍተው የአሪቲ ሽታ ወጣ። የደከመ ሽታ ነው፤ ቢሆንም አሪቲ ነው። መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «አቧራ ነው» አልኳቸው።

የመጣብኝ ስድስተኛ ክፍል የነበርኩበት በጋ ነው።

አባቴ ከወሎ የሚመጣ የሱፍ ዕቃ ነበር የሚሸጠው። ምንጣፍ፣ ባና፣ አልፎ አልፎም ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ጥቁር በርኖስ። ሸማ ተራ ሲባል ሰው የሚያስበው ነጭ ነገር ነው፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስ። እኛ ግን ከተራው ጫፍ ስምንት የሱፍ ሱቆች በተደረደሩበት አንድ መደዳ ላይ ነበርን፤ መደዳችን ከሩቅ ሲያዩት የተቃጠለ ይመስላል። የጋቢ ነጋዴ ዝናብ ይፈራል፤ የሱፍ ነጋዴ ደግሞ ብል። ብል ጋቢን ብዙም አይነካም። ሱፍ ካገኘ ግን የታጠፈውን ባና በውስጡ ወንፊት አድርጎት ከላይ ደህና አስመስሎ ይተወዋል። አባቴ ገዢ ፊት ባና ዘርግቶ ብርሃን በቀዳዳው ሲገባ ያየሁበት ቀን አለ። ገዢው ባናውን በደንብ አጥፎ መልሶለት ወጣ። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ብሉን የሚመልሱልን እትዬ ዘሀራ ነበሩ። እትዬ ዘሀራ ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው ሴት ናቸው። ከሱቃችን ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከአገር ቤት በጆንያ የሚመጣላቸውን ደረቅ አሪቲ ከቀበሪቾ ጋር ያደቅቁና ከልብስ ሰፊዎች በሚለቅሙት የአቡጀዲ ቁራጭ ይቋጥሩታል። ያ ቋጠሮ በየባናው እጥፋት መሀል ይገባል። በየሦስት ወሩ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይተካል። ስምንቱም ሱቆች ከእሳቸው ነበር የሚገዙት፤ የሚኖሩትም በዚያ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አብነት ሰፈር ያለው ቤታችን ከመሄዴ በፊት አጠገባቸው ተቀምጬ አቡጀዲ እቆርጥላቸዋለሁ። ጠማማ እቆርጣለሁ። «አይዞሽ፣ ብል ጠማማና ቀጥ ያለ አይለይም» ይሉኛል።

አርብ አርብ፣ ወንዶቹ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ እትዬ ዘሀራ ለመደዳው ልጆች ተምር ያድላሉ። የሊስትሮውም፣ የሻይ አዟሪዋም፣ የሱቅ ባለቤቱም ልጅ እኩል አንድ አንድ ነው። አድለው ሲጨርሱ ሳህኑን ከፍ ያደርጉና «ያልደረሰው አለ?» ብለው ይጮሃሉ። ዝም ከተባለ ይደግሙታል። አንድ ልጅ ሽንት ቤት ሄዶ ከሆነ እንኳ ይጠበቃል። እሳቸው የራሳቸውን አፋቸው የሚያደርጉት ማንም የቀረ አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ነው። እኔ ደርሶኝ «አልደረሰኝም» ብዬ አውቃለሁ። ያውቁብኛል፤ ይሰጡኛል። በልጅነቴ ከሰማሁት ምክር ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የገባው ይሄ ጥያቄ ነው፤ ምክር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባቴ አንድ እስር ባና ፈትቶ ግማሹ ተበልቶ አገኘው። ቋጠሮው መሀሉ እንደተቀመጠ ነው። ወሬው እስከ ከሰዓት ሳይቆይ መደዳውን አዳረሰ። ከፊት ለፊታችን ጋሼ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው ነበሩ፤ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጡ፣ ሳቅ የሚወዱ፣ ስልካቸው ከጆሯቸው የማይለይ። በቅርቡ ደግሞ ልብስ ውስጥ የሚጣል ነጭ የብል መድኃኒት አስመጥተው ነበር። ነጭ ኳስ ነው የሚሉት። ወሬውን እንደሰሙ ተሻግረው መጡ።

«ሰይድ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዘመኑን ምሰል እንጂ» አሉት አባቴን። «ቅጠል ቋጥረህ ብል ታባርራለህ? እኔ ጋ ያለውን ኳስ አንድ ጣል አርገህ መርሳት ነው።»

«ኳሱ ይሸታል፣ ጋሼ» አለ አባቴ።

«አሪቲውስ አይሸትም?»

«የአሪቲ ሌላ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ከበርጩማቸው ሳይነሱ «ወላሂ ሠላሳ ዓመት ቋጥሬያለሁ» አሉ። «ተበላብኝ ብሎ የመጣ ሰው ያየሁት ዘንድሮ ነው።»

ይሄን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ምንጣፍ የሚያማርጡ ቲቸር ዳዊት ነበሩ። የሳይንስ አስተማሪዬ ናቸው። ገና ጎጆ ሊወጡ ስለሆነ ትንሽ ምንጣፍ ፈልገው ከሲኒማ ራስ ታክሲ ወርደው መምጣታቸው ነው። እኔ አስተማሪ ምንጣፍ ይገዛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ከእሳቸው ዓይን ለመሸሽ ከጆንያው ጀርባ ተደብቄያለሁ። ቲቸር ምንጣፉን ለቀው ወደ በሩ መጡ።

«ይቅርታ፣ ልጠይቅ» አሉ። «በነዚህ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ያለ ቋጠሮ ያስቀመጠ ሰው አለ?»

ሁሉም ተያዩ። አልነበረም። ሁሉም ሁልጊዜ በቋጠሮ ነበር።

«እንግዲያው ቋጠሮው ባይኖር ይበላ እንደነበር በምን አወቃችሁ? ዘንድሮ የተበላውስ ያለ ቋጠሮ ቢሆን ከዚህ የባሰ እንደማይበላ በምን ታውቃላችሁ? የምታነጻጽሩበት የላችሁም።»

ጋሼ ሸምሱ «አስተማሪ ነገር ማወሳሰብ ይወዳል» ብለው ሳቁ። እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቁም። «ሞክረው አንተ ልጅ» አሉ። «ፊታችን ሞክረው። ካልሠራ እኔ የማይሠራ ነገር ሸጬ አልበላም። ኮምቦልቻ የእህቴ ልጅ ጋ እገባለሁ።»

አባቴ የመደዳው ነባር ነጋዴ ስለነበር እሱ የወሰነውን ሰባቱ ሱቆች ይከተላሉ። «ይሞከር» አለ። ነገሩ እንዲህ ተቆረጠ፤ ቋጠሮው ካልሠራ መደዳው ወደ ነጩ ኳስ ይዞራል። እትዬ ዘሀራ ይሄዳሉ ማለት ነው። እኔ ከጆንያው ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ይሄንን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቲቸር ዳዊት ከምናለሽ ተራ ስድስት የወተት ቆርቆሮ ገዝተው መጡ። ክዳኖቹን በሚስማር በሱ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፉ። አባቴ ከአንድ ቀይ ባና ስድስት እኩል ቁራጭ ቆረጠላቸው። ከዚያ የተበላው ባና ወጥቶ ትል ተለቀመ። የብል ትል እንዴት እንደሚኖር ያየሁት ያኔ ነው። ከበላው ሱፍ ለራሱ ትንሽ ቱቦ የመሰለ ልብስ ይሠራና እሱን ለብሶ ይጎተታል። ጥቁር በርኖስ ላይ ያደገው ጥቁር ለባሽ ነው፤ ቀይ ባና ላይ ያደገው ቀይ። አባቴን የሚያስለቅሰው ይሄ ትንሽ የበዓል ልብስ የለበሰ ነገር መሆኑን ማመን አቃተኝ። በክብሪት እንጨት እያነሳሁ በየቆርቆሮው አምስት አምስት አስገባሁ።

«አሁን» አሉ ቲቸር፣ «አንድ፣ ሦስትና ስድስት ቋጠሮ ይገባባቸዋል። ሁለት፣ አራትና አምስት ምንም አይገባባቸውም። ማነጻጸሪያ ናቸው።»

እትዬ ዘሀራ ሦስቱን ቋጠሮዎች በእጃቸው አስገቡ። እኔ ሦስቱን ባዶዎች አየኋቸው። ክዳናቸው ተከደነ፤ ቆጥ ላይ ወጡ።

ከዚያ በፊት ክፍላችን ውስጥ ቲቸር ሁለት ባቄላ በጣሳ ዘርተው አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቁምሳጥኑ ባቄላ ነጭና ቀጭን፣ አንገቱ የረዘመ ሆኖ ወጣ። ክፍሉ ሳቀበት። እኔ ግን ያ ባቄላ ምን አጥፍቶ ነው እያልኩ «ቲቸር፣ በቃ አሁን መስኮት ላይ ይውጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። ቲቸር «ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው ወደ ሌላ ነገር አለፉ። ባቄላው ግን ቁምሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ማለት ለኔ የተቀጣ ማለት ነበር። ምን እንዳጠፋ ማንም የማይነግርህ ቅጣት።

የሁለተኛው ሳምንት አርብ ይመስለኛል። እትዬ ዘሀራ ተምሩን አድለው ጨረሱና «ያልደረሰው አለ?» አሉ። ዝም ተባለ። ደገሙት። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆጡን አየሁ። ሁለት፣ አራት፣ አምስት።

በማግስቱ አባቴ ለዙሁር ሶላት ሲወጣ ሱቁን ለኔ ጥሎ ሄደ። ከእትዬ ዘሀራ ቅርጫት ሦስት ቋጠሮ አንስቼ መሰላሉን ወጣሁ። በየቆርቆሮው አንድ አንድ፣ ከባናው ቁራጭ ሥር። ልቤ አልደነገጠም። እንዲያውም መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው ቀለል ብሎኝ ወረድኩ። እንደኔ ስሌት ባናው ስድስቱም ቆርቆሮ ውስጥ ሲተርፍ ሁሉም ይደሰታል። አባቴ ባናው አልተበላም ብሎ፤ ቲቸር ሙከራዬ ተሳካ ብለው፤ እትዬ ዘሀራም ቋጠሮዬ ሠራ ብለው። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ብቻ ቲቸር «አይነካም» ብለው ስለነበር፣ ቆርቆሮዎቹ ሊከፈቱ አንድ ቀን ሲቀረው እንዳይቆጡኝ ብዬ ሦስቱን ቋጠሮዎች መልሼ አወጣሁ። ይህቺን ያህል ተንኮል ነበረችኝ።

ጥር ላይ ተከፈተ። የመደዳው ሰዎች በሙሉ ሱቃችን ገብተው መቆሚያ አልነበረም። ጋሼ ሸምሱ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱት፤ ይሄ በራሱ ጉድ ነው። ቲቸር ዳዊት አንደኛውን ቆርቆሮ ከፍተው ቁራጩን ወደ ብርሃን አነሱ። ደህና ነው። ሰዉ አጉረመረመ፤ እትዬ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሁለተኛው ተከፈተ። ደህና ነው። ሦስተኛው ደህና። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ደህና። ትሎቹ በየቆርቆሮው ታች ደርቀው ተገኙ።

እኔ ለማጨብጨብ እጄን አነሳሁ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ቲቸር ደብተራቸውን አዩ። «ቋጠሮ የሌላቸውም አልተበሉም» አሉ። «ያለ ምንም ነገር ትሎቹ ከሞቱ፣ ቋጠሮው ገደላቸው ማለት አልችልም። ቋጠሮው ምንም አልጨመረም።»

«በአጭሩ» አሉ ጋሼ ሸምሱ፣ «ኖረ አልኖረ ያው ነው።»

«ሙከራው የሚለው እንደዚያ ነው» አሉ ቲቸር። ደስ ብሏቸው አልነበረም።

አባቴ እትዬ ዘሀራን ላለማየት ምንጣፍ ማጠፍ ጀመረ። የታጠፈውን ነው መልሶ የሚያጥፈው። እትዬ ዘሀራ ቀስ ብለው መጥተው አራተኛውን ቆርቆሮ አነሱ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሱቁ እንዳለ አሪቲ አሪቲ ስለሚል ሌላ ሰው ምንም አይለይም፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በዚያ ሽታ ውስጥ የኖሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ሳቡት። ከዚያ አምስተኛውን አነሱና ሳቡት። ቀና ብለው ሰዉን ሁሉ አልፈው እኔን አዩኝ። ረጅም ማየት አልነበረም። ክዳኑን በመዳፋቸው መልሰው ገጠሙት።

«እሺ» አሉ። «ያልኩትን ብያለሁ። አላህ ያለው ነው።»

ወጡ። ምን እንዳጠፋሁ ገና አልገባኝም፤ እሳቸው ማወቃቸው ግን ገብቶኛል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቋጠሮ እየፈቱ አገኘኋቸው። የተቋጠረውን እየፈቱ ቅጠሉን ወደ ጆንያው ይመልሳሉ፤ አቡጀዲውን ለብቻው ይደራርባሉ።

«ለምን ይፈቷቸዋል?»

«ማን ይገዛዋል? ቅጠሉን ለሚፈልግ እሰጣለሁ። መኪናው ሐሙስ ነው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መቀሱን አነሳሁ፤ የሚቆረጥ ስላልነበረ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ፋጤ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለሦስቱም አደረስሻቸው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አልደረሳቸውም ነበር።»

መፍታታቸውን አቆሙ። ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እየሳቁ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «በገዛ እጄ ያስተማርኩሽን» አሉ።

«ትናንት ለምን አልተናገሩም?»

«ያን ሁሉ ሰው መሀል? አባትሽ ፊት? ልጅ ሰው መሀል አይዋረድም። እኔ አሮጊት ነኝ፤ የትም ብገባ እበላለሁ።»

«ትሎቹ የሞቱት እኔ ያደረስኩላቸው ስለሠራ እኮ ነው» አልኳቸው። «ቋጠሮው ሠርቷል ማለት እኮ ነው!»

ይሄን ስናገር ነው ነገሩ የገባኝ። ትሎቹ የሞቱት ስድስቱም ዘንድ ቋጠሮ ስለነበረ ነው። እኔ ደግሞ ይሄንን የሚያሳየውን ብቸኛ ነገር አጥፍቼዋለሁ። ሦስቱ ቢበሉ ኖሮ እትዬ ዘሀራ አይሄዱም ነበር። አዝኜ ያዳንኳቸው ሦስት ቁራጭ ባናዎች እሳቸውን ከበርጩማቸው አስነሷቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ዝም በይ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ተነስቼ ሱቅ ገባሁ። አባቴ ከጋሼ ሸምሱ ጋር ስለ ነጩ ኳስ ይነጋገራል። የመሰላሉን እግር ያዝኩ።

«አባ፣ ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ቋጠሮ ከትቼ ነበር። ለሁለት፣ ለአራትና ለአምስት።»

አባቴ አልሰማኝም መሰለኝ፤ ደገምኩት። ጋሼ ሸምሱ ቀድመው ገባቸው። «አንቺ» አሉ፣ «እኔን ነው ያከሰርሽኝ ወይስ እሳቸውን?» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። አባቴ አልሳቀም። ሊመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። «ይሄንን ለአስተማሪሽ በራስሽ አፍ ትነግሪያለሽ» አለኝ። «እኔ አብሬሽ አልመጣም።» ከመመታት ይሄኛው ባሰብኝ።

ለቲቸር ዳዊት የነገርኳቸው በእረፍት ሰዓት፣ ያ ነጭ ባቄላ የነበረበት ቁምሳጥን አጠገብ ነው። ስለ ባቄላውም ጨምሬ ነገርኳቸው፤ እያለቀስኩ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ቀረ።

«ማነጻጸሪያ የተቀጣ መስሎሽ ነው?»

«አዎ።»

«ጥፋቱ የኔም ነው፤ ያን ጊዜ ስትጠይቂኝ መመለስ ነበረብኝ» አሉ። «ስሚ፣ ከሁሉም የሚናገረው ያልተሰጠው ነው። የተሰጠው ብቻውን ምንም አያወራም። ያልተሰጠው አጠገቡ ሲቆም ነው የሚሰማው። አንቺ አዝነሽለት አፉን ዘጋሽበት።»

ከወንበሩ ተነስተው «እንደገና እንሠራለን» አሉ። «ጠባቂዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

አባቴ ይሄንን ሲሰማ «ጅብን ሥጋ ልታስጠብቅ ነው?» አለ። ቲቸር ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። «ሁለተኛ የማትነካው እሷ ነች» አሉ። እትዬ ዘሀራ የሐሙሱን መኪና ተዉት። መደዳው እስከ ሁለተኛው ውጤት እንዲጠብቅ አባቴ ሰባቱንም ሱቅ ዞሮ ለመነ። ያን ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አባቴ መለመን የሚችል ሰው አልነበረም።

የካቲት መግቢያ ላይ ቆርቆሮዎቹ ፈልተው ታጠቡ፤ ፀሐይ ላይ ዋሉ። አዲስ ቁራጭ፣ አዲስ ትል ገባ። ቁጥሮቹ እንደነበሩ ናቸው። መሰላሉ ከኔ እጅ አልተወሰደም። አባቴ ዙሁር ሲሄድ እንደ ድሮው ሱቁን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ አሁን ሳስበው ሆን ብሎ ነው። ብቻዬን ስሆን መሰላሉን ወጥቼ ጆሮዬን አራተኛው ቆርቆሮ ላይ አስጠጋለሁ። ትል ሲበላ ይሰማል ብዬ ነው። አይሰማም። እኔ ግን የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ቅርጫቱ ታች አለ፤ ቋጠሮዎቹ ውስጡ ናቸው። አንድ ቋጠሮ ኪሴ ከትቼ ሦስት ደረጃ ድረስ የወጣሁበት ቀን አለ። ወርጄ መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ነው የምናገረው።

የሚከብደው አርብ ነበር። እትዬ ዘሀራ ሳህናቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ያልደረሰው አለ?» ልጆቹ ዝም። እኔም ዝም። ዝም ማለት መዋሸት መስሎ ይሰማኛል፤ ተምሩን አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ እንጂ አላኝከውም። አንድ አርብ እትዬ ዘሀራ ይሄንን አይተው ሳህኑን አስቀመጡና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«እኔም እነሱን ነው የማስበው» አሉኝ።

ሚያዝያ ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሰዉ ሁሉ ገባ። ቲቸር አንደኛውን ከፈቱ። ደህና ነው። ሁለተኛውን ከፍተው ቁራጩን በሁለት ጣት ሲያነሱት መሀል ላይ ተበጥሶ ቀሪው ተመልሶ ወደቀ። አራተኛው ከሁሉም ባሰ፤ ባና መሆኑን የምታውቀው በቀለሙ ብቻ ነው፤ ቀይ አቧራና ቀይ ልብስ የለበሱ ትሎች። አምስተኛውም ተበልቷል። ሦስተኛው ደህና ነው። ስድስተኛው ግን ጠርዙ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው።

«እሱስ?» አሉ ጋሼ ሸምሱ በጣታቸው እያሳዩ። «ቋጠሮ አለበት አይደል?»

«አለበት። እሱም ይጻፋል» አሉ ቲቸር፣ ጻፉትም። «ሁሉንም አይከለክልም። ግን ይከለክላል። እነዚህን አይታችሁ እነዚያን እዩ።»

አባቴ የአራተኛውን ቆርቆሮ ቀይ አቧራ በጣቱ ነካ። «አይ እንግዲህ» አለ፣ «በቋጠሮው እንቀጥላለን። በየሦስት ወሩ ሳይሆን በየሁለት ወሩ እንለውጠዋለን።» ሰባቱ ሱቆች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ሸምሱ ተሸንፈውም ሳቃቸው አልቀነሰም፤ ከሰዓት በኋላ ሰው አየኝ አላየኝ ብለው ተሻግረው ለቤታቸው አራት ቋጠሮ ገዙ። እኔ አይቻለሁ።

እትዬ ዘሀራ እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። ሰዉ እስኪወጣ ጠብቀው የተበሉትን ሦስት ቆርቆሮዎች ለቃቅመው በርጩማቸው ፊት ደረደሯቸው። «ለኔ የመሰከሩልኝ እነዚህ ናቸው» አሉ። ከዚያ ሦስት አቡጀዲ አንስተው ከወትሮው አብዝተው አሪቲ ጨምረው ቋጠሩ። ለሁለት አንድ፣ ለአራት አንድ፣ ለአምስት አንድ።

አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ «እትዬ፣ አልቆ የሄደ ሱፍ እኮ ነው፤ አሁን ምን ያደርግለታል?» አላቸው።

«ምንም» አሉ እትዬ ዘሀራ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ገጠሙና ወደ ቆጡ እንዳወጣቸው ሰጡኝ። ሦስቱንም አውጥቼ ስወርድ፣ ቀኑ አርብ ሳይሆን፣ ሳህንም ሳይዙ፣ ከታች ቀና ብለው አዩኝ።

«ያልደረሰው አለ?»

«የለም እትዬ» አልኳቸው።